ከቦምቤይ እስከ መቅደላ፦ የ12ኛ ክፍል የታሪክ ፈተና እንዴት ይጠናል?

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ሥርዓቱ ይለወጣል። ቴሌቪዥኑ በጊዜ ይዘጋል፤ ታናናሾች እንዳይጮሁ ይገሠፃሉ፤ እናትም ሱቅ የምትልከው ሌላ ልጅ ትፈልጋለች። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በተለይ በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየሞች፣ ቤቱ የጠበበው ተማሪ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ብሎክ ሥር ሲጠያየቅ ይመሻል። አቅም ያለው ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ይገባል። መንገዱ የማይከብደው ደግሞ 4 ኪሎ ድረስ ተሳፍሮ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይውላል።

ከዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከል እኔ የምተርከው ስለ አንዱ ትምህርት፣ ስለ ታሪክ ነው። ከታሪክም ውስጥ ብዙ ተማሪ ደጋግሞ አንብቦት የማይያዝለት ክፍል አለ፤ የህንድ ታሪክ። ለምን እንደማይያዝና እንዴት እንደሚያዝ ማወቁ ለጠቅላላው ፈተና ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ፈተናው ራሱ የቆየ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ያዘጋጁ ነበር፤ ዛሬም ወላጆች «ማትሪክ» የሚሉት በዚያው ዘመን ስም ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቆም ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ስልክ ይዞ መግባት ተከለከለ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ፤ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ያለፉት 1.3 በመቶ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በዝግታ ከፍ እያለ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል፤ እያንዳንዱ ከመቶ፣ ድምሩ ከ600 ነው። የታሪኩ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የምርጫ ጥያቄ ነው። የሚወጣው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካሉት መጻሕፍት በመሆኑ ተማሪው ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ በአክሱም፣ በዛጉዌ፣ በአውሮፓ አብዮቶችና በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኩል እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ መሸፈን አለበት። ይህን የሚያህል ነገር የሚያየው ብዙ ተማሪ ወደ ሽምደዳ ይሄዳል። ሾርት ኖት ይሠራል፣ ዓመተ ምሕረት በቀለም ያሰምራል፣ ስም በስም ላይ ይደረድራል።

ሽምደዳው ለኢትዮጵያ ታሪክ በመጠኑ ይሠራል፤ ምክንያቱም ዐድዋን ያልሰማ ልጅ የለም። ህንድ ላይ ግን ይሰበራል። የኢንደስ ሸለቆ ሥልጣኔ ከሜሶፖታሚያና ከግብፅ ጋር በአንድ ምዕራፍ ይመጣል፤ ከዚያ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ ከዚያ ጋንዲና ኔህሩ፣ ከዚያ የህንድና የፓኪስታን መከፈል። ለላፍቶ ልጅ እነዚህ ስሞች መቆሚያ የላቸውም። ዛሬ ይያዛሉ፣ በሳምንቱ ይጠፋሉ።

ጀሞ ውስጥ ለማጠናከሪያ በተከራየ አንድ ክፍል ያየሁት የታሪክ መምህር ይህን ችግር የሚፈታው በሌላ በኩል ገብቶ ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥር ብቻ ጻፈ፦ 1857፣ 1868፣ 1869። ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ዞሮ ጠየቀ፦

«ናፒየር መቅደላ የመጣው ከየት ተነሥቶ ነው?»

«ከቦምቤይ፣ ቲቸር» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«ጎሽ! እንግሊዝ አገር ያለ ጦር እያለ ለምን ከቦምቤይ?»

«ስለሚቀርብ።»

«የእንግሊዝ አገሩ ጦርስ በሜዲትራኒያን በኩል ቢመጣ ምን ያርቀዋል?»

ዝም አሉ። ኋላ ግን ከጥግ አንዱ «ስዊዝ!» ብሎ ጮኸ። ቦዩ ገና አልተከፈተም ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ አምባ መቅደላ የተያዘችው ሚያዝያ 1868፣ ስዊዝ የተከፈተው ኅዳር 1869 ነው። ከእንግሊዝ በመርከብ የሚመጣ ጦር አፍሪካን መዞር ነበረበት፤ ከቦምቤይ የሚነሣው ግን ቀጥታ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል።

ከዚያ 1857ን አከበበ። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ያሉ ህንዳውያን ወታደሮች ዐመፁ። ዐመፁ ከተደመሰሰ በኋላ፣ በ1858፣ የእንግሊዝ መንግሥት ኩባንያውን ወደ ጎን አድርጎ ህንድን በዘውዱ ሥር አስገባ። ዐመፁን ለመደምሰስ ላክናው ላይ ከተዋጉት መኮንኖች አንዱ ሮበርት ናፒየር ነበር። ያው ሰው ነው ከዐሥር ዓመት በኋላ የቦምቤይ ጦር አዛዥ ሆኖ 13,000 ገደማ ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ የወረደው። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ህንዳውያን ነበሩ። ተማሪዎቹ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ 1857 ከእሱ ጋር ሲያያዝላቸው ግን የህንዱ ዐመፅ ከእነሱ ቤት ደጃፍ የደረሰ ነገር ሆነ። ደብተራቸው ላይ ሳይታዘዙ ሲጽፉት አየሁ።

እንዲህ ያለው ማያያዣ አንድ ብቻ አይደለም። ዙላ የጥንቷ አዱሊስ ጎረቤት ናት። በአዱሊስ በኩል ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባ እንደነበር በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ ይናገራል። ደብረ ዳሞ ላይም በ1940 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ሰሜን ህንድን የገዙ ነገሥታት ናቸው። ይህን የሰማ ተማሪ ኩሻን የሚለውን ስም ዳግመኛ ከሌላ ጋር አያምታታም። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ ከረን አለ። በ1941 እ.ኤ.አ. የካቲትና መጋቢት የከረንን ተራሮች ከጣሊያን ለማስለቀቅ በግንባር የወደቁት የ4ኛውና የ5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ወታደሮች ናቸው። ለእኛ ነፃነት የተዋጉት እነዚህ ሰዎች ያን ጊዜ ራሳቸው ነፃ አልነበሩም። ህንድ ነፃ የወጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ለምን ቅኝ ግዛቶቿን መያዝ እንዳቃታት የሚጠይቅ ጥያቄ ሲመጣ፣ ከረንን ያሰበ ልጅ ከምርጫዎቹ ትክክለኛውን ለመለየት አይቸገርም።

መምህሩ ከመጽሐፉ ወጣ ብሎ የሚናገረው አንድ ሰው አለ፤ ማሊክ አምባር። በ1548 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በባርነት ተሸጦ፣ በባግዳድ በኩል ደካን ወደሚባለው የደቡብ ህንድ ክፍል ደረሰ። እዚያ ወታደር፣ ቀጥሎ የጦር አዛዥ፣ በመጨረሻም የአህመድናጋር ግዛት እውነተኛ ገዢ ሆነ። በሽምቅ ውጊያ የሙጋል ነገሥታትን አክባርንና ጀሃንጊርን ለዓመታት ሲያስጨንቅ ኖሮ በ1626 ዐረፈ። ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ የቆረቆረው እሱ ነው። ህንድ ውስጥ ለውድድር ፈተና ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የደካን ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ይህን ስም ያገኘዋል። የእኛ ልጆች ደግሞ ሙጋል የሚባለውን መንግሥት በእሱ በኩል ቢያውቁት እንዴት በቀለላቸው! እኔ ብሆን ለሰውዬው ሙሉ ገጽ እሰጠው ነበር።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ዕውቀት ኖሮ ነጥብ ያስጥላሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ልጁ ከቤትና ከአደባባይ የሚያውቀው ዐድዋ 1888 ነው፤ ወረቀቱ ላይ 1896 ሆኖ ይመጣል። የህንድ ነፃነት በእኛ 1939፣ በፈተናው 1947 ነው። ስለዚህ ደብተርን ለሁለት ከፍሎ በግራ የእኛን፣ በቀኝ የአውሮፓውን መጻፍ ይበጃል፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑም አብሮ ይጻፍ። ሌላው «ኤክሴፕት» የምትባለው ቃል ናት። ከሦስት ትክክለኛ መልሶች መካከል ስሕተቱን ምረጥ የሚል ጥያቄ ነው፤ የቸኮለ ተማሪ መጀመሪያ ያገኘውን እውነት አጥቁሮ ያልፋል። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች በሰዓት እየሠሩ ይህችን ቃል በክብ ማስገባት ልማድ ካልሆነ በዕለቱ አትታይም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ በኦንላይን መፈተን ጀምሯል፤ ቁጥሩም በ2017 ዓ.ም. ጨምሯል። ስክሪን ላይ በክብ ማስገባት የለም። በወረቀት ብቻ የለመደ ልጅ ረዘም ያለ ጥያቄ ሲገጥመው ዐይኑ መስመር ይስታል፤ ወደ ዘለለው ጥያቄ መመለስም ያደናግረዋል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ከሰኔ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ የታሪክ ወረቀት ተቀምጦ ይሥራበት። የሌለው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ በሰፈር ባለ ኢንተርኔት ቤትም ቢሆን፣ ጥያቄ እያነበበ መልስ መጫንን ይለማመድ።