ለዕርቅ ተድራ ለዘውድ የተፋታች

(ድምፅ፦ የመካነ ኢየሱስ ገበያ፤ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል)

ተራኪ፦ መካነ ኢየሱስ የእስቴ መዲና ናት። ከዚህ ወደ ምሥራቅ ስማዳ፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ጋይንት አለ። ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የተጓዘ ሰው ደብረ ዘቢጥን ያገኛል። የአንቺም ጦርነት የተደረገው በዚሁ በዘቢጥ አምባ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ እዚያ ወደቁ። ስለ አንቺም ሲወራ ከሰማይ ቦምብ የጣለው አውሮፕላን ይነሣል። ከጦርነቱ ጀርባ የነበረው የጉግሣና የንግሥት ዘውዲቱ ትዳር ግን እምብዛም አይወሳም።

(ሙዚቃ፦ በገና)

በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። አጼ ዮሐንስ ሁለቱንም ተቆጡ። ወሎን ለልጃቸው ለአርአያ ሥላሴ ሰጡ፤ የምኒልክንም ሴት ልጅ ዘውዲቱን ለእሱ አጩ። በባላገሩ ዘንድ ደም ለማድረቅ ልጅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ በነገሥታቱም መካከል ቂም የሚሽረው በልጅ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ሠርጉ ተደገሰ። ዘውዲቱ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ የወሎዋ ወይዘሮ አብቺ ከምኒልክ የተለያዩት ገና በጨቅላነቷ ነበርና ልጅቱ ያደገችው ያለ እናት ነው። ወደ አማት ቤት የወጣችውም በዚያው ሁኔታ ነው።

አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ሞተ። ያኔ የሁለቱ አባቶች ነገር ሻክሯል። ያም ሆኖ አጼ ዮሐንስ ምራታቸውን በክብር፣ ብዙ ከብት ሰጥተው ወደ አባቷ ሰደዷት። ይህን የዮሐንስን ጨዋነት ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዋ ግን መበለት ተብላለች።

ወይዘሮ ዘውዲቱ ከዚያ በኋላ ለጓንጉል ዘገየ፣ ቀጥሎም ለውቤ አጥናፍሰገድ ተዳሩ። ሁለቱም ትዳር አልሰነበተም።

በአውሮፓም ለፖለቲካ ሲባል የተዳረ ሞልቷል። የሆላንድና የሄኖ ወራሽ ዣክሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1401 የተወለደችው፣ በልጅነቷ ለፈረንሣይ ንጉሥ ልጅ ታጨች፤ በዕድሜዋ አራት ባል አየች። በመጨረሻ ግዛቷን ለአጎቷ ልጅ ለቡርጎኙ መስፍን አስረከበች።

(ሙዚቃ ያርፋል)

የዘውዲቱን አራተኛ ጋብቻ ያሰቡት የምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን ለእንጀራ ልጃቸው ዳሩ፤ ዘመኑ 1892 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህም ለፖለቲካ የታሰበ ነበር፤ የጣይቱን ወገን ከምኒልክ ዘር ጋር ያጣምራል። ግን ሰመረ። ጉግሣ የቤተ ክህነት ትምህርት የዘለቁ ሰው ነበሩ፣ ዘውዲቱም ጸሎተኛ። በምኒልክ ተተኪ በልጅ ኢያሱ ዘመን ወይዘሮዋ ከቤተ መንግሥት ርቀው ፋሌ ሲቀመጡም ትዳሩ ጸና።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዱን ለዘውዲቱ ሰጡ፤ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ራስ ተፈሪ ሆኑ። ጉግሣ አጠገባቸው ከተቀመጡ የጣይቱ ቤት ተመልሶ ይገንናል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከባላቸው እንዲለያዩ ተደረገ፤ ጉግሣ በጌምድርን ተቀብለው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። አንዲት ሴት የአገር ራስ ሆና የገዛ ቤቷን ማኖር አልተፈቀደላትም። እኔ ከልጅነቱ ሠርግ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አሁን ግን አርባ የሞላቸው ንግሥት ናቸው። የካቲት 4 ቀን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቡነ ማቴዎስ ዘውድ ሲደፉላቸው ባለቤታቸው ከጎናቸው አልነበሩም።

በ1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ጉግሣ ግን ሸፈቱ። የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ዘመቱባቸው፤ አውሮፕላኑ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያንን ውግዘት የያዘ ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። የዘመተው ጦር የዘውዲቱ መንግሥት ጦር ነው። ባላቸውን ሽፍታ ያሰኘው ያው መንግሥት ነው።

ንግሥት ዘውዲቱ አስቀድሞም የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ከአንቺም ሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ አረፉ። በማግሥቱ ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ።