የኑግ ዘይት ለምን አይረጋም?

በአዲስ አበባ የክረምት ማለዳ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይትና አንድ ጠርሙስ የፓልም ዘይት ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ የመጀመሪያው እንደ ልቡ ሲፈስ ሁለተኛውን ረግቶ እናገኘዋለን። የሁለቱም ሙቀት እኩል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከሞለኪዩሎቹ ቅርጽ ነው። ስቴአሪክ አሲድ 18 ካርቦኖች በነጠላ ትስስር የተያያዙበት ቀጥ ያለ ሰንሰለት በመሆኑ፣ ሞለኪዩሎቹ እንደ ተከመረ እንጨት ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ የሚቀልጠውም በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው ካርቦን መካከል ድርብ ትስስር ሲገባ ሰንሰለቱ ይታጠፋል፤ ኦሌይክ አሲድ ይሆናል፤ መቅለጫውም ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። በ12ኛውና በ13ኛው መካከል ሁለተኛ ሲጨመር ደግሞ ሊኖሌይክ አሲድን እናገኛለን፤ እርሱ የሚቀልጠው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አራት የሃይድሮጂን አቶሞች ብቻ ቢጎድሉ ከ70 ዲግሪ በላይ ልዩነት መጣ! በዘይት ውስጥ አሲዶቹ ሦስት ሦስት ሆነው ከግሊሰሮል ጋር ቢጣመሩም መርሁ ያው ነው። የአገራችን የኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ በፓልም ዘይት ውስጥ ግን ድርሻው 10 በመቶ ገደማ ነው።

ሰውነታችን የመጀመሪያውን ድርብ ትስስር ራሱ ይሠራል። ከ9ኛው ካርቦን ወዲያ ግን ሁለተኛውን የሚያስገባ ኤንዛይም የለውም። ዕፅዋት አላቸው። ስለዚህ ሊኖሌይክ አሲድን ከምግብ ማግኘት ግዴታችን ነው። ይህንን ጆርጅ በርና ባለቤታቸው ሚልድረድ በር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 በአይጦች አሳይተዋል። ቅባት ፈጽሞ የሌለበት ምግብ የተመገቡት አይጦች ቆዳቸው ተቀረፈ፣ እድገታቸው ተገታ፣ ውኃም አብዝተው ይጠጡ ነበር። ሊኖሌይክ አሲድ ሲሰጣቸው አገገሙ። የውኃ ጥሙ ምክንያት ኋላ ታውቋል፦ በላይኛው ቆዳ ውኃ እንዳይተን የሚያግደው የቅባት ንጣፍ ያለ ሊኖሌይክ አሲድ በአግባቡ አይሠራም።

እጥረቱን ለመከላከል በቀን ከ4 እስከ 5 ግራም ለአዋቂ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት 9 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ያው ማንኪያ የፓልም ዘይት ግን ከ1 ግራም ብዙም አይበልጥም። ከእህልም ስለምናገኘው የፓልም ተጠቃሚ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚሉ ሰዎች ያጋንናሉ። ሆኖም ሁለቱን ዘይቶች በዋጋ ብቻ ማወዳደር ትክክል አይመስለኝም።

የኑግ ዘይትም ድካም አለው። በሁለቱ ድርብ ትስስሮች መካከል በሚገኘው በ11ኛው ካርቦን ላይ ያሉት ሃይድሮጂኖች በቀላሉ ይላቀቃሉ፤ ኦክስጅንም በዚያ ይገባል። ብርሃንና ሙቀት ሂደቱን ያፋጥኑታል። በፀሐይ ላይ የተደረደረ ዘይት መጥፎ ሽታ የሚያመጣው፣ ደጋግመው የጠበሱበትም የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ድካም ለቀለም ሠሪ ሀብት ነው። ሦስት ድርብ ትስስሮች ያሉት አሲድ የሚበዛበት የተልባ ዘይት በእንጨት ላይ ሲቀባ «ደረቀ» ይባላል እንጂ የተነነ ነገር የለም፤ ኦክስጅን ስቦ ሞለኪዩሎቹ እርስ በርስ ተጠላለፉ እንጂ። የሚጠራጠር ተማሪ ስስ የተልባ ዘይት በመስታወት ላይ ቀብቶ በላቦራቶሪ ሚዛን በየቀኑ ይመዝነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ሲጨምር ያያል።