ገመድ አልባ የአየር ሁኔታ መለኪያ በአርሶ አደሩ ጓሮ፦ አተካከል፣ ምዝገባና አጠቃቀም

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንዱ ጎጥ ዝናብ ሲያገኝ ሌላው ጎጥ ደረቅ ሆኖ መዋሉን አርሶ አደሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሬዲዮ የሚነገረው ትንበያ ዞንን ወይም ክልልን በጥቅሉ የሚመለከት ነው። በአቅራቢያ ያለው የሜትዎሮሎጂ ጣቢያም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ በራሳችን ማሳ ላይ ትናንት ስንት ሚሊሜትር ዘነበ ለሚለው ጥያቄ መልስ የምናገኘው እዚያው ስንለካ ብቻ ነው።

ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት አነስተኛ ገመድ አልባ መለኪያዎች ይህን ለመሥራት ያስችላሉ። ሆኖም መሣሪያው በአግባቡ ካልተተከለና በየቀኑ ካልተመዘገበ ከግድግዳ ጌጥ የተለየ ጥቅም አይሰጥም። የዚህ ሥልጠና ዓላማ ሠልጣኙ መሣሪያውን በትክክል እንዲተክል፣ በየዕለቱ እንዲመዘግብ፣ የመዘገበውንም ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለርጭትና ለመስኖ ውሳኔ እንዲጠቀምበት ማስቻል ነው።

2. መሣሪያው የያዛቸው ክፍሎች

መሣሪያው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ውጭ የሚተከለው ሲሆን ዝናብ መለኪያ፣ የሙቀትና የአየር እርጥበት መለኪያ፣ እንዲሁም የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ መለኪያ ይይዛል። ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ማሳያ ነው። ውጭ ያለው ክፍል የለካውን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ማሳያው ይልካል። ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ወይም ከትንሽ ሶላር ነው።

ዝናብ መለኪያው ውስጥ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የምትገለበጥ ትንሽ ማንኪያ መሳይ መያዣ አለች። ከላይ የገባው ውሃ አንዱን ጎን ሲሞላ ትገለበጣለች፤ መሣሪያውም ግልበጣዋን ይቆጥራል። እንደ መሣሪያው ዓይነት አንድ ግልበጣ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። በመሆኑም 10 ሚሊሜትር ዝናብ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 25 ሺህ ሊትር ውሃ ያወርዳል።

3. መሣሪያው የሚነግረንና የማይነግረን

መሣሪያው የሚነግረን ያለፈውንና አሁን ያለውን ነው፤ የሚመጣውን አይነግረንም። ይህ ልዩነት በሚገባ መያዝ አለበት።

በብዙዎቹ ማሳያዎች ላይ የፀሐይ፣ የደመና ወይም የዝናብ ሥዕል ይታያል። ሥዕሉ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአየር ግፊት መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው የአየር ግፊት ከቀን ወደ ቀን በሰፊው በሚለዋወጥባቸው አገሮች ነው። በእኛ ደጋማ አካባቢ ግን የክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ በአብዛኛው መሬት ሲሞቅና እርጥብ አየር ወደ ላይ ሲወጣ እዚያው የሚፈጠር ስለሆነ፣ የግፊት ለውጡ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ማንም አርሶ አደር ሥዕሉን አይቶ ዘር መዝራት ወይም ርጭት ማካሄድ የለበትም። ለሚመጣው ቀን የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

4. የቦታ መረጣና አተካከል

ሀ. ከዛፍ፣ ከቤትና ከአጥር ያርቁ። ዝናብ መለኪያው በአቅራቢያው ካለ ማንኛውም ከለላ ቢያንስ የከለላውን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። ለምሳሌ 5 ሜትር ከፍታ ካለው ባሕር ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ከዚያ በላይ ቢርቅ ይመረጣል።

ለ. ጣሪያ ላይ አይትከሉ። ቆርቆሮ በቀን ስለሚግል ሙቀቱን ያዛባል፤ በጣሪያ ላይ የሚነፍሰው ነፋስም የዝናቡን ጠብታ ከመለኪያው አፍ ያሸሻል። ተስማሚው ሣር ያለበት ገላጣ ቦታ ነው።

ሐ. የሙቀትና የእርጥበት መለኪያው ከመሬት በ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይሁን። ነጭ ተደራራቢ ሽፋኑ አይነሣ። ሽፋኑ ከሌለ ፀሐይ በቀጥታ ስለሚመታው የአየሩን ሳይሆን የዕቃውን ሙቀት ያሳያል። ለእርሻ ሥራ የነፋስ መለኪያው በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ይበቃል።

መ. ምሰሶው እንዳይወዛወዝ በደንብ ይቀበር። ዝናብ መለኪያው ደልዳላ መሆኑ በውሃ ልክ ይረጋገጥ። ካዘነበለ ማንኪያዋ በትክክል ስለማትገለበጥ ልኬቱ ይሳሳታል።

ሠ. ከብት እንዳይተሻሽበትና ሕፃናት እንዳይነኩት ይታጠር። አጥሩ ግን ከመለኪያው አፍ ከፍታ አይብለጥ።

ረ. ማሳያው የሚቀበለው ሞገድ በቆርቆሮና በወፍራም ግድግዳ ይደክማል። በካርቶኑ ላይ 100 ሜትር ተብሎ የተጻፈው ርቀት ምንም ከለላ በሌለበት ሜዳ ነው። የቤትዎ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ማሳያውን በመስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ምሰሶውን ከመቅበርዎ በፊት መሣሪያውን በታሰበው ቦታ ለአንድ ቀን አቁመው መረጃው ሳይቋረጥ መድረሱን ያረጋግጡ።

5. ማስተካከልና መፈተሽ

መሣሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በኢንችና በፋራናይት የተሞላ ነው። ዝናቡን ወደ ሚሊሜትር፣ ሙቀቱን ወደ ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ነፋሱን ወደ ኪሎሜትር በሰዓት ይቀይሩ። የቦታውን ከፍታም ይሙሉ። ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር በሚሆን ቦታ የአየር ግፊት ወደ 760 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ከፍታው ካልተሞላ መሣሪያው ራሱን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ አድርጎ ስለሚቆጥር ሁልጊዜ ከባድ ዝናብ እየመጣ እንደሆነ ሊያሳይ ይችላል።

ዝናብ መለኪያውን ለመፈተሽ የመቀበያውን አፍ ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። አፉ ክብ ሆኖ 16 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ግማሹ 8 ነው፤ 8 በ8 በ3.14 ሲባዛ ወደ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል። ይህን ለ10 ሲያካፍሉ 20 ይሆናል። ስለዚህ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ የ1 ሚሊሜትር ዝናብ ያህል ነው። በባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አሥር ጊዜ በዝግታ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ያፍስሱ። ማሳያው 10 ሚሊሜትር አካባቢ ማሳየት አለበት። ከ9 በታች ወይም ከ11 በላይ ካሳየ መጀመሪያ ደልዳላነቱንና ንጽሕናውን እንደገና ይመልከቱ። ለሙከራ የፈሰሰውን ውሃ ከዝናብ ጋር እንዳይመዘግቡ ይጠንቀቁ።

ከዚህ በተጨማሪ ከአፉ እስከ ታቹ እኩል ስፋት ያለው ጣሳ በአቅራቢያው ያስቀምጡ። ባትሪ ቢያልቅ ወይም መሣሪያው ቢበላሽ በጣሳው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ጥልቀት በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብ ይቻላል።

6. የዕለት ምዝገባ

የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች ዝናብ የሚለኩት ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። እኛም በዚሁ ሰዓት ብንመዘግብ የእኛን ልኬት ከጣቢያው ጋር ማነጻጸር እንችላለን። ማሳያው ግን የዕለቱን ዝናብ ዜሮ የሚያደርገው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። የሌሊት ዝናብ በሁለት ቀን ተከፍሎ እንዳያሳስት ጠቅላላ ድምሩን ማንበብ ይሻላል። ትናንት ጠዋት ጠቅላላው 146.4፣ ዛሬ ጠዋት 158.7 ከሆነ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የዘነበው 12.3 ሚሊሜትር ነው።

በደብተሩ ላይ የሚከተሉት በየቀኑ ይጻፉ፦

- ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር
- ዝናብ በሚሊሜትር (ካልዘነበም 0 ተብሎ ይጻፋል እንጂ ባዶ አይተውም)
- ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት
- በዕለቱ የተሠራ የእርሻ ሥራ
- በማሳው ላይ የታየ ነገር፦ ብቅለት፣ መጠውለግ፣ ተባይ፣ በሽታ፣ ውርጭ፣ በረዶ

ያልተለካን ቀን ገምቶ መሙላት አይፈቀድም። «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ። በግምት የተሞላ ደብተር ከሌለ ደብተር የበለጠ ያሳስታል።

7. መረጃውን ለእርሻ ውሳኔ መጠቀም

ሀ. የዘር ጊዜ

ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መሬቱ ላዩን ይረጥባል፤ አርሶ አደሩም ጊዜው አመለጠኝ ብሎ ይዘራል። ከዚያ ዝናቡ ለአሥር ቀን ቢጠፋ የበቀለው ይጠወልጋል። የበቆሎ ዘር መጠን በሄክታር 25 ኪሎ ነው። ድቅል ዘር ደግሞ ካለፈው ምርት ተቆጥቦ የሚዘራ ስላልሆነ ዳግም መዝራት ማለት ዳግም መግዛት ማለት ነው። አብሮት የገባው ማዳበሪያና የበሬ ጉልበትም ይባክናል።

የዝናብ አጀማመርን ለመለየት ባለሙያዎች በስፋት የሚጠቀሙበት መመዘኛ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በተከታታይ ሦስት ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊሜትር መዝነቡ፤ ሁለተኛ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ከ9 ቀን በላይ የሚቆይ ድርቀት አለመከተሉ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሰኔ 1 ቀን 12 ሚሊሜትር ዘነበ፤ ሰኔ 2 እና 3 ምንም አልዘነበም እንበል። የሦስቱ ቀን ድምር 12 ብቻ ስለሆነ በቆሎ ለመዝራት አይበቃም። ሰኔ 8 ቀን 14፣ ሰኔ 9 ቀን 0፣ ሰኔ 10 ቀን 9 ሚሊሜትር ቢዘንብ ድምሩ 23 ይሆናል። የመጀመሪያው መመዘኛ ተሟላ ማለት ነው። ሁለተኛውን መሣሪያው ሊነግረን አይችልም፤ እዚህ ላይ የኢንስቲትዩቱን የአሥር ቀን ትንበያ እንጠይቃለን። በመጨረሻም አፈሩን ቆፍረን እርጥበቱ ከዘሩ ጥልቀት በታች መውረዱን እናያለን። ደብተሩ፣ ትንበያውና አፈሩ ሲስማሙ መዝራት ይቻላል።

ይህ መመዘኛ በዝናብ መግቢያ ለሚዘሩ እንደ በቆሎና ማሽላ ላሉ ሰብሎች ነው። ጤፍ በሐምሌ፣ አፈሩ በሚገባ ውሃ ከጠገበ በኋላ የሚዘራ በመሆኑ የሚታየው የወቅቱ የዝናብ ድምርና የማሳው ጥንፍፋት ነው።

ለ. ዩሪያ መጨመር

ዩሪያ በአፈር ሳይሸፈን ላይ ላዩን ከቀረ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል፤ በከባድ ዝናብ ዋዜማ ከተበተነ ደግሞ በጎርፍ ይታጠባል። ባለፉት ጥቂት ቀናት በቂ ዝናብ ተመዝግቦ አፈሩ ረጥቦ ሳለ፣ ነገር ግን ማሳው ውሃ ባልተኛበት ጊዜ መጨመርና በአፈር መሸፈን ይገባል።

ሐ. የፀረ አረምና ፀረ በሽታ ርጭት

ነፋሱ በሰዓት ከ3 እስከ 10 ኪሎሜትር ሲሆን ርጭት ይመቻል። ከዚያ ሲበልጥ መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ማሳ፣ ወደ ንብ ቀፎና ወደ ረጪው ፊት ይሄዳል። ነፋስ ጭራሽ በሌለበት ማለዳም ጥቃቅን ጠብታዎች አየር ላይ ተንሳፈው ያልታሰበ ቦታ ሊወርዱ ይችላሉ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ ጠብታው ቅጠል ላይ ሳይደርስ ስለሚተን ሥራው ይቁም። ከርጭት በኋላ ያለ ዝናብ መቆየት ያለበት ሰዓት በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ተጽፏል።

መ. የበሽታ ማስጠንቀቂያ

የስንዴ ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል። ሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሆኖ ቅጠሉ በጤዛ ወይም በዝናብ ለሰዓታት ርሶ ሲያድር በቀላሉ ይዛመታል። በ2002/03 የመኸር ወቅት በአገራችን በስፋት ተከስቶ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ይታወሳል። የድንች ምች ደግሞ ዝቅተኛው ሙቀት 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ የአየር እርጥበቱ በየቀኑ ለ11 ሰዓት ያህል ከ90 በመቶ ሳይወርድ ሁለት ቀን በተከታታይ ሲቆይ ያሰጋል። እንዲህ ያለ ልኬት ሲታይ ወዲያው መርጨት ሳይሆን ወዲያው ማሳ ገብቶ ቅጠል እያገላበጡ ማሰስ ነው የሚያስፈልገው። ምልክት ከታየ ለባለሙያ ይነገር።

ሠ. መስኖ

በበጋ በደጋና በወይና ደጋ በደንብ ያደገ ሰብል በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውሃ ይፈልጋል። 10 ሚሊሜትር ዝናብ ከጣለ የሁለት ቀን ያህል ውሃ ተገኘ ማለት ስለሆነ የመስኖ ተራን ለሌላ ማሳለፍ ይቻላል። ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ዝናብ ግን ላዩን ረጥቦ ስለሚተን አይቆጠርም።

ረ. ውርጭ

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር በ1.5 ሜትር ላይ ካለው በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ማሳያው 3 ዲግሪ እያሳየ መሬት ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል። የሙቀት መጠኑ ከሌሊት ወደ ሌሊት እየወረደ ከሆነ አትክልትን ቀን ላይ ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና። ችግኝን በሣር ማልበስም ይጠቅማል።

8. እንክብካቤ

ዝናብ መለኪያው በወፍ ኩስ፣ በሸረሪት ድርና በአቧራ ይደፈናል። በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይጽዳ፤ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ይታይ። ውጭ ዘንቦ ማሳያው ዜሮ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መደፈኑ ነው። ሶላሩ በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል። መብረቅ ባለበት ሰዓት ወደ ምሰሶው አይቅረቡ።

9. ማጠቃለያ

መሣሪያው ዝናብ አያመጣም፣ ትንቢትም አይናገርም። የሚሰጠን ነገር ቢኖር «ዘንቧል» ከሚለው ግምት ወደ «23 ሚሊሜትር ዘንቧል» ወደሚል ልክ መሸጋገርን ነው። ሞዴል አርሶ አደር ደግሞ ለራሱ ብቻ አይለካም። በልማት ቡድኑ ውስጥ ያሉ ጎረቤቶቹ እሱን አይተው ስለሚዘሩ፣ የእሱ ደብተር የብዙ ማሳ ዘር ይጠብቃል።

የተግባር ሥራ

1. በጓሮዎ ለአተካከል የሚሆን ቦታ መርጠው ከዛፍና ከቤት ያለውን ርቀት ይለኩ።
2. የቡድኑን መለኪያ አፍ ለክተው 1 ሚሊሜትር ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ያስሉ።
3. ከነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ ለ30 ቀን ይመዝግቡ፤ ደብተሩን ይዘው ለሚቀጥለው ሥልጠና ይምጡ።