ወቅትን ወጥቶ መማር፦ የመጸው ጉዞ ከልጆች ጋር

በዚህ እትም የምናነሣው ብዙዎቻችን «ጨዋታ ነው» ብለን የምናልፈውን ነገር ነው፤ ልጆችን ይዞ ከክፍል መውጣትን። ይህ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ትምህርት እንደሆነ፣ በካምፕ ውስጥም ያለ ገንዘብ ሊሠራ እንደሚችል እናያለን።

በቤት የሚማሩ ልጆች ምን ያደርጋሉ?

በተለያዩ አገሮች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ራሳቸው በቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ። በአሜሪካ ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ የሚከተሉት የእንግሊዛዊቷን መምህርት የሻርሎት ሜሰንን (1842–1923) መንገድ ነው። ሜሰን በ1886 ባሳተመችው፣ በአማርኛ «የቤት ትምህርት» ልንለው በምንችለው መጽሐፍ፣ ትንንሽ ልጆች በየቀኑ ረጅም ሰዓት ደጅ መዋል አለባቸው ብላ አስተማረች። ልጁ ያየውን በራሱ አፍ ይናገር፣ በደብተሩም ይሣል ትል ነበር።

በሰሜኑ የዓለም ክፍል መጸው ሲገባ እነዚህ ቤተሰቦች ወደ ጫካና ወደ መናፈሻ ይወጣሉ። ልጆቹ የወደቀ ቅጠል ለቅመው በቀለምና በቅርጽ ይለያሉ፤ ፖም ይለቅማሉ፤ ዱባ ይመዝናሉ፤ ወደ ደቡብ የሚሄዱ ወፎችን ይቆጥራሉ። ቤት ሲመለሱ የቆጠሩት ሒሳብ፣ የተረኩት ቋንቋ፣ የሣሉት ሥነ ጥበብ ይሆናል። ዋናው ምስጢር ግን ጫካው አይደለም። ምስጢሩ በየሳምንቱ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ «ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቅጠል ለምን ይረግፋል?

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዛፉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራው በዚሁ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርድ ሲመጣ ክሎሮፊሉ እየፈረሰ ይጠፋል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ያን ጊዜ ይታያል። በአንዳንድ ዛፎች ላይ ደግሞ አዲስ ቀይ ቀለም ይሠራል። ቅጠል ውኃ የሚያተንባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ግን ሥሩ እንደ ልብ ውኃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ዛፉ ውኃውን ለመቆጠብ ቅጠሉን ይጥላል። ይህችን ምክንያት ያዙልኝ፤ ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ታስፈልገናለች።

ታዲያ እኛ ዘንድ መጸው አለ እንዴ?

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት አራት ወቅቶችን በበረዶና በሚረግፍ ቅጠል ሥዕል ያሳያሉ። ካኩማ የተወለደ ልጅ ይህንን በቃሉ ይይዛል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ከክፍል ሲወጣ ግን የሚያየው አቧራና ግራር ነው። ከዚያ ወይ «መጽሐፉ ውሸት ነው» ይላል፣ ወይ «እኛ ያለንበት ቦታ የሚጠና ነገር የለውም» ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ዕውቀት ሁሉ ሌላ አገር ነው ብሎ ያመነ ልጅ ዓይኑን መክፈት ያቆማል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት፣ እህሉ የሚያሽትበትና የሚታጨድበት ጊዜ ነው። ካኩማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ከወገቡ በስተ ሰሜን 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12፣ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በሎንደን ግን ቀኑ በሰኔ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ወደ 8 ሰዓት ያጥራል። እኛ ዘንድ ወቅት የሚታወቀው በብርድ ሳይሆን በዝናብ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ትንሹ ዝናብ ይጠበቃል፤ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ድርቅ ሲበረታ እዚህም ብዙ ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። ምክንያቱ ያው ነው፤ ውኃ ለመቆጠብ። የሎንደኑን ዛፍ ብርዱ ያስገድደዋል፣ የእኛን ደግሞ ድርቁ።

በካምፕ ውስጥ የሚሠሩ አራት ሥራዎች

1. የዱላ ጥላ። ከመሬት በላይ 1 ሜትር የሆነ ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። በሳምንት አንድ ቀን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላውን በየ10 ደቂቃው ለኩና አጭሩን መዝግቡ። በካኩማ አጭሩ ጥላ የሚገኘው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነው። በመጸው መግቢያ ጥላው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ወደ 50 ይደርሳል፣ ከዚያ እንደገና ማጠር ይጀምራል። በዳዳብ ትንሽ ያንሳል። ጥላው የሚያመለክተው ወደ ሰሜን ነው፤ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናትና። ይህ የሚሆነው ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ አዘንብላ ስለምትዞር ነው። የሎንደንን ቀን የሚያሳጥረውም ይኸው ማዘንበል ነው። እንግዲህ በአንድ ዱላ የሩቅ አገርን ብርድ ማስረዳት ይቻላል ማለት ነው።

2. አንድ ዛፍ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ግራር ወይም ኒም ይምረጥ። በየሳምንቱ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ በላዩ ያሉትን ነፍሳት አይቶ ይሣል። ቅርንጫፍ መቁረጥ አይገባም። የግራሩ ፍሬ የአካባቢው ሕዝብ የፍየሎች ቀለብ ነው፤ የወደቀውንም ቢሆን አይቶ መተው ይሻላል።

3. የወፎች መዝገብ። ጨረባ ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትንሽ ወፍ ናት። ከአውሮፓ ተነሥታ ከመስከረም ጀምሮ ወደ አፍሪካ ትመጣለች። ነጩ ሽመላም እንዲሁ። መጀመሪያ የታየችበትን ቀን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታወዳድራላችሁ። ያለ ወረቀት ድንበር የምታልፍ ወፍ ለተማሪዎቻችን ብዙ የሚያናግር ነገር አላት።

4. የወላጆች መጸው። ልጆች እናታቸውን፣ አባታቸውን ወይም የጎረቤት አዛውንት ይጠይቁ፦ «በእናንተ አገር ዝናብ ሲያቆም መጀመሪያ ምን ይታይ ነበር?» አንዷ እናት ስለ አደይ አበባ ትናገራለች። ሌላው ጤፍ እንዴት እንደሚታጨድ ያሳያል። «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» የምንለውስ ከምን የመጣ ነው? ልጁ የሰማውን በማግስቱ ለክፍሉ ይተርክ።

ለመምህራን ጥቂት ምክር

«ክፍሌ ከ100 ተማሪ በላይ ነው፣ እንዴት ልውጣ?» የሚል መምህር ይኖራል። እውነት ነው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት አይቻልም። 10 ልጆች ይለኩ፣ የቀሩት ቁጥሩን ተቀብለው በደብተራቸው ግራፍ ይሥሩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዙር። ወፍና ዛፍ ለማየት በጠዋት ውጡ፤ ለጥላው ግን ቀትር ላይ ስለሆነ ለኪዎቹ ብቻ ወጥተው ቶሎ ይመለሱ። የመጠጥ ውኃ ይያዝ፤ ድንጋይ በባዶ እጅ አይገልበጥ፣ ጊንጥና እባብ አለ። ላጋ ውስጥ ማስተማር አይገባም። እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እያለ፣ ላይ በዘነበው ዝናብ ደረቁ ወንዝ በድንገት ሊሞላ ይችላል። ከካምፑ ክልል ለመውጣት ደግሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አትርሱ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። በየሰፈራችን ታናናሾቻቸውን እየጠበቁ ቤት የሚውሉ ልጆች አሉ፤ በተለይ ሴቶች። ማንበብ ያልተማረች እናት ፊደል ላታስቆጥር ትችላለች፤ ዝናብ ሳይመጣ ነፋሱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የትኛው ቅጠል ለፍየል እንደሚሆን ግን ከብዙዎቻችን የተሻለ ታውቃለች። ዱላና ዛፍ ደጇ ላይ አለ። ተማሪዎች፣ ክፍል የተማራችሁትን የጥላ ልኬት ማታ ለእነዚህ ልጆች አሳዩአቸው፤ እነሱም ደጃቸው ላይ ይለኩ። የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ቀላል ነው፦ ቀን፣ የጥላው ርዝመት፣ ዛሬ ያየሁት አዲስ ነገር።

መልካም የመጸው ወቅት!