የባቡር ሐዲድና የጎንደር ባላገር

ጎንደር እስከ ዛሬ የባቡር ፉጨት አልሰማችም። ይሁን እንጂ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ. ም. ከተቋቋመ በኋላ በወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ፣ ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል መተማ የሚደርስ መሥመር ተመልክቷል። ሥራው አልተጀመረም። ስለዚህ መመርመሪያው ጊዜ አሁን ነው እንላለን፤ ካሳ ከተከፈለ ወዲያ የሚደረግ ጥናት ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለገበሬው አይረዳውምና።

አስቀድመን ድሬ ዳዋን እንመልከት። በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ዳገቱ ስላስቸገረ በ1895 ዓ. ም. ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። የሐረር ንግድ ተከትሎት ቆላ ወረደ፣ የዘይላ ወደብም ገበያውን በጅቡቲ ተነጠቀ። ጎንደርም ቤተ መንግሥቶቿ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አዘዞ ግን ከታች ሜዳው ላይ ነው። ጣቢያው እዚያ ከተሠራ መጋዘኑም የሸክም ሥራውም ወደዚያው ይሳባል። የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ከወዲሁ ቢያስብበት አይፈረድበትም።

ባቡር ከመኪና ይልቅ ዳገት ይፈራል። መሐንዲሱም ለጥ ያለ ምድር ይፈልጋል፤ በዚህ አገር ለጥ ያለው ምድር ደግሞ የሚታረሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታ የሚለቅ ገበሬ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ላልተገኘለት ገበሬ ብዜቱን አሥራ አምስት አደረገው። ይህ መሻሻል ነው፤ ሆኖም ስሌቱ የሚያየው የተወሰደውን ማሳ ነው። የገበሬው መሬት በየቦታው የተበታተነ በመሆኑ፣ ሐዲዱ ማሳውን ባይነካው እንኳ ከቤቱ፣ ከውኃው ወይም ከግጦሹ ሊለየው ይችላል። በሬ ነድቶ ማቋረጫ ፍለጋ በየቀኑ የሚዞረው መንገድ በየትኛው ብር ይተመናል? በፎገራ ደግሞ ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ለሐዲዱ የሚደለደለው አፈር በቂ የውኃ ማሳለፊያ ካልተበጀለት ግድብ ሆኖ ጎርፉን ወደ ሩዙ ማሳና ወደ መንደሩ ይመልሰዋል።

የጊዜውም ነገር አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው ሐዲድ ሥራው በ2007 ዓ. ም. ተጀምሮ፣ በ2014 ዓ. ም. በጦርነቱ ተዘርፎና ተጎድቶ፣ አሥር ዓመት አልፎትም መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። የወሎ ገበሬ ግን መሬቱን የለቀቀው ገና በመጀመሪያው ነው።

ስለ ደጋው ሰው ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ መሥመሩ ወገራንም ደባርቅንም አይነካምና። ሆኖም የዚያ አገር ጎልማሳ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በየዓመቱ መተማ ይወርዳል፤ ደመወዙን ተቀብሎ ሲመለስም ከፊሉን ለመኪና ይከፍላል። እንግዲህ ለደጋው ሐዲዱ የሚያመጣው ጥቅም በአንድ ነገር ይወሰናል፤ ይኸውም በሰሊጡ ጆንያ ፉርጎ ላይ የመንገደኛ ፉርጎ ይቀጠል እንደ ሆነ ነው።