ያበሰለችው ለምን ቆማ ታፈጥራለች? የኩሽናና የማዕድ ቦታን አብሮ ስለማቀድ

በረመዷን የመግሪብ አዛን ሲሰማ በብዙዎቻችን ቤት ያለውን ሁኔታ እናስታውስ። አባት፣ ልጆችና እንግዶች ሳሎን ውስጥ ሱፍራውን ከበው ተቀምጠዋል። ተምሩ ተከፋፍሏል፣ ሾርባው ቀርቧል። ከዐስር ሶላት ጀምሮ ስትሠራ የቆየችው እናት ግን አንድ ተምር በእጇ ይዛ፣ የመጨረሻው ሳምቡሳ እንዳያርርባት እየተጠባበቀች፣ ኩሽና ውስጥ ቆማ ታፈጥራለች። "እናንተ ጀምሩ፣ መጣሁ" ትላለች። እሷ ስትመጣ ሌላው ለሶላት ተነስቷል።

ይህ የሚሆነው ቤተሰቡ ስለማያስብላት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የቤቱ አሠራርም ምክንያት ነው። ኩሽናው ሲሠራ ምድጃው የት እንደሚቀመጥ ታስቧል። ያበሰለው ሰው ከምድጃው ተነስቶ ማዕድ ላይ እስኪቀመጥ ስንት በርና ስንት ደረጃ እንደሚያልፍ ግን አልታሰበም። በዚህ ጽሑፍ የጉለሌ ክፍለ ከተማን ቤቶች መነሻ አድርገን፣ የሥራ ቦታውና የመመገቢያ ቦታው አብረው እንዴት ሊታቀዱ እንደሚችሉ እናያለን።

ኩሽናው ከቤቱ ለምን ራቀ?

ጉለሌ የእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ያለው ሰፈር አብዛኛው ተዳፋት ነው። በነባር ግቢዎች ኩሽናው ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ በኩል ይሠራ ነበር። ይህም በቂ ምክንያት ነበረው። እንጀራ የሚጋገረው በባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ስለነበር ጭሱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። የእሳት አደጋም ያሰጋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ደግሞ ብዙ ግቢዎች ለተለያዩ ቤተሰቦች ተከፋፈሉ፤ አንዱ ኩሽናም የጋራ ሆነ።

ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የምናበስለውም በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ነው። ጭሱ ቀርቷል፣ ርቀቱ ግን እንዳለ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የሚፈላ ወጥ ተሸክሞ በረጠበ የድንጋይ ደረጃ መውረድ የጉለሌ እናቶች የሚያውቁት ነገር ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤት ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ኩሽናው ከሳሎኑ አጠገብ ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ እንዲያገለግሉ የጋራ ሕንፃዎች በፕላኑ ቢታሰቡም ብዙው ሰው ምጣዱን እዚያችው ጠባብ ኩሽና ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይጋግራል።

ዲናችን ስለ ማዕድ ምን ይለናል?

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሐቦች "እንበላለን ግን አንጠግብም" ብለው ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስሞታ አቀረቡ። እሳቸውም ምናልባት ተለያይተው እየበሉ እንደሆነ ጠየቋቸው። "አዎን" ሲሉም በምግባቸው ላይ እንዲሰባሰቡና የአላህን ስም እንዲያወሱ፣ በዚህም በረካ እንደሚደረግላቸው መከሯቸው። በሱረቱ አን-ኑር 61ኛው አንቀጽ ተሰባስቦም ሆነ ተለያይቶ መብላት የተፈቀደ መሆኑ ተገልጿል። ስለዚህ ብቻውን የበላ ሰው ኃጢአተኛ አይደለም። በረካውን የሚፈልግ ቤተሰብ ግን መሰባሰቢያ ቦታ ያዘጋጃል። ያበሰለችው ሴት ከዚህ መሰባሰብ ውጭ የምትሆንበት ምክንያት የለም።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌላ ጥያቄ "ጠረጴዛ ላይ መብላት ሱናን ይፃረራል ወይ?" የሚለው ነው። አነስ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከፍ ባለ ገበታ ላይ እንዳልበሉ፣ ይበሉ የነበረውም በሱፍራ ላይ እንደነበር ማስተላለፋቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ኢማም አል-ገዛሊ ይህን ሲያብራሩ ሱፍራ የተሻለ ቢሆንም ጠረጴዛ ላይ መብላት የተከለከለ ነው እንደማይባል ጽፈዋል። ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ያለችበት ቤት ጠረጴዛ ቢያዘጋጅ ነውር የለበትም። መሬት ላይ በሱፍራ መሰባሰብ የለመደም ልማዱን ይያዝ። ለሁለቱም ግን ቦታው አስቀድሞ መለካት አለበት።

ሦስተኛው ነጥብ የሥራ ክፍፍል ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበርና የሶላት ወቅት ሲደርስ እንደሚወጡ መናገሯን ቡኻሪ ዘግበዋል። አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ኩሽና ባልና ልጆች እንዳያግዙ ሰበብ ይሆናል። ሁለት ሰው የሚያስተላልፍ ኩሽና ግን ያንን ሰበብ ያስቀራል።

ከመሥራታችን በፊት የምንለካቸው ነገሮች

የሥራ ጠረጴዛው ወይም ካውንተሩ ከግድግዳው ወደ ፊት 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከፍታው በተለምዶ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ዋናው መለኪያ ግን ዘወትር የምትሠራበት ሴት ቁመት ነው። ቀጥ ብላ ቆማ ክርኗን ታጥፍ፤ ከክርኗ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ቦታ ለመክተፍ ይመቻታል። ለዶሮ ወጥ የሚበቃ ሽንኩርት የሚከተፍበት ጠረጴዛ በአናጺው ቁመት ከተሠራ የሚታመመው የእሷ ትከሻና ወገብ ነው።

የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ሥራውን ይከተል፦ መጀመሪያ ፍሪጅ፣ ቀጥሎ ላቫንዲኖ፣ ቀጥሎ መክተፊያ፣ ከዚያ ምድጃ። በላቫንዲኖውና በምድጃው መካከል ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ቢቻል 90 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር። ከምድጃው ግራና ቀኝም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ የመጥበሻው እጀታ ወደ መተላለፊያው እንዳይወጣ ይረዳል።

ምጣድ የራሱን ቦታ ይፈልጋል። የምጣዱ ስፋት ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ በኩል የሊጡ ዕቃ፣ በሌላ በኩል ሰፌዱና አክንባሎው እንዲቀመጡ ከግራና ከቀኝ 40፣ 40 ሴንቲ ሜትር ብንጨምር 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። ሊጡ ከላይ ስለሚፈስ የምጣዱ ማስቀመጫ ከመክተፊያው ዝቅ ቢል ይመረጣል። መስኮት ሥር መሆኑም እንፋሎቱን ያስወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል። ይህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ከማከፋፈያው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካ።

ለመመገቢያ ጠረጴዛ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንያዝ። የጠረጴዛው ከፍታ 75፣ የመቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዳንዶች ቦታ ለመቆጠብ ካውንተሩን ራሱን መመገቢያ ያደርጉታል። ይህ ለፈጣን ቁርስ ይሆናል፤ ነገር ግን ለ90 ሴንቲ ሜትር ካውንተር የሚያስፈልገው 65 ሴንቲ ሜትር በርጩማ ለሕፃናትና ለአዛውንቶች አይመችም። ሱፍራ ላይ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር ትሪ ወይም መሶብ ከብበው ስድስት ሰዎች ሲቀመጡ ወደ 2 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቦታ ይይዛሉ።

አንድ ምሳሌ፦ 2 ሜትር ከ50 በ4 ሜትር ኩሽና

በግቢያችን ያለውን ኩሽና ከዋናው ቤት ጋር አያይዘን ልንሠራ ነው እንበል። በአንዱ አጭር ግድግዳ ላይ ወደ ሳሎን የሚያስገባ በር፣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ መስኮት አለ።

በአንደኛው ረጅም ግድግዳ፣ ከበሩ ጀምሮ ፍሪጅ 65፣ ላቫንዲኖ 80፣ መክተፊያ 90፣ ምድጃ 60፣ ድስት ማሳረፊያ 45 ሴንቲ ሜትር እናስቀምጥ። ድምሩ 3 ሜትር ከ40 ነው፤ የቀረው 60 ሴንቲ ሜትር ማዕዘኑ ነው። ምጣዱ በመስኮቱ ሥር ይሁን። በሌላኛው ረጅም ግድግዳ፣ በበሩ አቅጣጫ፣ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው አግዳሚ ወንበርና ከፊቱ ጠረጴዛ ይግባ። አግዳሚውና ጠረጴዛው 90 ሴንቲ ሜትር፣ ካውንተሩ 60 ሴንቲ ሜትር ሲይዙ መሃሉ 1 ሜትር መተላለፊያ ይሆናል። አዲስ ለሚሠራ ደግሞ መተላለፊያው 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ሁለት ሰው ሳይጋፋ ይሠራል።

እዚህ አግዳሚው ላይ ሦስት ሰው፣ በመተላለፊያው በኩል በበርጩማ ሁለት ሰው፣ በድምሩ አምስት ሰው ይቀመጣል። በርጩማዎቹ መንገዱን ያጠቡታል፤ ግን ያን ጊዜ ያበሰለውም ሰው ተቀምጧልና የሚተላለፍ የለም። ውሃ የጠማው ልጅ ፍሪጁን በሩ አጠገብ ስለሚያገኘው የፈላ ዘይት ወዳለበት አይሄድም። እሳት ያለበት ሁሉ በክፍሉ ጫፍ፣ ልጆች የሚቀመጡበት ደግሞ በበሩ በኩል ሆኗል ማለት ነው። ለኢፍጧርና ለእንግዳ ሰፊው ሱፍራ ሳሎን ይነጠፋል፤ ምግቡም ያለ ደረጃ፣ በአንድ በር ይደርሳል።

ለኮንዶሚኒየምና ለተከራይ

ግድግዳ መንካት የማይችል ሰውም አማራጭ አለው። በማጠፊያ ግድግዳ ላይ የሚታሰር ጣውላ ሲዘረጋ የሁለት ሰው ማዕድ፣ ሲታጠፍ መተላለፊያ ይሆናል። ተከራይ ከሆንን ጎማ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ በመክተፊያነትም በማቅረቢያነትም ያገለግላል፤ ቤት ስንቀይርም ይዘነው እንሄዳለን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጀሪካኖቹ ቦታ አብሮ ይታቀድ። ቦታ ያልተያዘለት ጀሪካን መጨረሻው መተላለፊያው ላይ ነው።

ክፍት ኩሽናና የእንግዳ ጉዳይ

ሳሎንና ኩሽናን ያለ ግድግዳ አንድ ማድረግ ዛሬ ፋሽን ሆኗል። ቦታ ያሰፋል፣ ያበሰለችውንም ከቤተሰቧ አይለያትም። ነገር ግን መሕረም ያልሆነ እንግዳ ሲመጣ ሴቲቱ በእሳትና በዘይት ፊት በሙሉ ሒጃብ እንድትሠራ ያስገድዳታል። ልቅ ጨርቅ በእሳት አጠገብ ደግሞ አደጋ ነው። ተንሸራታች በር ወይም ወፍራም መጋረጃ ሁለቱን ጥቅም ያስታርቃል፦ ለቤተሰብ ይከፈታል፣ ለእንግዳ ይዘጋል። የእንግዳ እጅ መታጠቢያም ከኩሽናው ውጭ ቢሆን ማንም ወደ ሥራው ቦታ አይገባም።

እሳቱን አንርሳ

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ሲቃጠል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኑን ነግረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የጉለሌ ብርድ የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍል እንድናስገባ ይገፋፋናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰል ክፍት አየር ላይ ብቻ ይቀጣጠል። የማብሰያ ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከመስኮቱ ሌላ በግድግዳው ታችኛው ክፍል የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ይኑር። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ከምድጃውና ከምጣዱ ርቆ ይቁም። ማስተላለፊያ ቱቦውን በሳሙና አረፋ እንፈትሽ፤ አረፋው ከፈላ ጋዝ እያፈሰሰ ነው።

ከየት እንጀምር?

ሲሚንቶ የተሞላ ካውንተር ካለ ኪሳራ አይነቀልም። ስለዚህ ግንበኛ ከመጥራታችን በፊት ወለሉ ላይ የካውንተሩን፣ የምጣዱንና የጠረጴዛውን ቦታ በጠመኔ እናስምር። አንድ ሳምንት በመስመሮቹ መካከል እንሥራ፣ እንብላ። የቤቱ እናት "እዚህ ጋ ይጠበኛል" ካለች መስመሩን አጥፍተን እንደገና እናስምር፤ ወጪው አንድ ጠመኔ ነው። ለታይታ ከሚገዛ ውድ ግራናይት ይልቅ ገንዘባችንን ለምጣዱ መስመርና ለሰፊ መስኮት እናውል። ማባከን በቁርኣን የተወገዘ ነው።

ቤቱን ማስተካከል ብቻውን በቂ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሳምቡሳው ከአዛን 20 ደቂቃ በፊት ተጠብሶ ያልቅ፣ ሾርባውን ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ያቅርቡ፣ ምድጃው ይጥፋ። ከዚያ ያበሰለችው ትቀመጥና እንደ ሌሎቹ በቢስሚላህ ትጀምር። አላህ ማዕዳችንን የበረካ ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም።