ያገለገለ የፒንቦል መጫወቻ ዋጋ በምን ይወሰናል?

ሁለት ያገለገሉ የፒንቦል መጫወቻዎች በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ለሽያጭ ቀረቡ እንበል። ሁለቱም በአንድ ዓመት፥ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ናቸው፤ ስማቸውም ሥዕላቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ አንደኛው የሌላውን እጥፍ ዋጋ ያወጣል። ከአጠገባቸው ደግሞ አንድም ጭረት የሌለበት ሦስተኛ መጫወቻ ገዢ አጥቶ ይከርማል። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ይመስላችኋል? መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን ለይቶ መመርመር ያስፈልጋል፤ እነርሱም የዕቃው ይዞታና የዕቃው ተፈላጊነት ናቸው።

በመጀመሪያ ፒንቦል ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፒንቦል በአራት እግሮች የሚቆም፥ ከላይ በመስተዋት የተከደነ፥ ወደ ተጫዋቹ ዘመም ያለ ሣጥን ነው። ተጫዋቹ አንዲት የብረት ኳስ ወደ ላይ ካስፈነጠረ በኋላ፥ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ በአጫጭር ክንዶች ይመታታል፤ ወደ ታች ወርዳ እንዳታመልጠውም ይታገላል። እነዚህ ክንዶች በጨዋታው የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1947 የቺካጎው ጎትሊብ ኩባንያ ሐምፕቲ ደምፕቲ የተባለውን መጫወቻ ባወጣ ጊዜ ነው። መጫወቻዎቹ በየቡና ቤቱና በየመዝናኛ አዳራሹ ሳንቲም እየተጨመረባቸው ለዓመታት ሠርተዋል። ስለዚህ ዛሬ ለገበያ የሚቀርበው ብዙ የደከመ ዕቃ ነው።

ይዞታውን ለማወቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ኳሷ የምትሽከረከርበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በቀለም ያጌጠና በቫርኒሽ የተሸፈነ ነው። 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ በአንድ መንገድ ሺህ ጊዜ ስትመላለስ ቫርኒሹን፥ ቀጥሎም ቀለሙን ትፍቀዋለች፤ በመጨረሻ ባዶው እንጨት ብቅ ይላል። አቧራው ካልተጠረገ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ሁለተኛው የሚታየው ከፊት ለፊት ቆሞ የሚያበራው ባለ ሥዕል መስተዋት ነው። በቀድሞዎቹ መጫወቻዎች ሥዕሉ የታተመው በመስተዋቱ ጀርባ ላይ ስለ ነበረ፥ የአምፑል ሙቀትና የምድር ቤት እርጥበት ሲፈራረቁበት ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል።

ሦስተኛው ጉዳት ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከተሠሩት መጫወቻዎች ብዙዎቹ በኤሌክትሮኒክ ክፍላቸው ላይ ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ተሰክተውባቸዋል። ባለቤቱ ድንጋዮቹን ሳይለውጥ ዓመታት ካለፉ፥ ከውስጣቸው የሚፈሰው ፈሳሽ ቀጫጭኑን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል። ከውጭ የሚያብለጨልጭ መጫወቻ ከውስጥ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፥ ክዳኑን ሳያስከፍት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

ነገር ግን ጉድለት ሁሉ እኩል አለመሆኑን ልብ በሉ። የተቃጠለ አምፑልና የተበጠሰ ላስቲክ በጥቂት ገንዘብ ይተካሉ። የተፋቀ ሰሌዳን ማደስ ግን ብዙ ሥራና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ብልህ ገዢ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ለማስጠገን ስንት ይፈጃል?» ብሎም ያሰላል።

አሁን ወደ ተፈላጊነት እንለፍ። ብዙ ሰዎች ጥቂት የተሠራ ዕቃ ሁልጊዜ ውድ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባሊ ስም የወጣው አዳምስ ፋሚሊ የተባለው መጫወቻ 20,270 ያህል ተሠርቷል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል የተሸጠ ሌላ ፒንቦል አልነበረም። ሆኖም ጨዋታው እጅግ ስለ ተወደደ፥ ቍጥሩ ብዙ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከፍተኛ ነው። በአንጻሩ ጥቂት ብቻ የተሠሩ፥ ነገር ግን ጨዋታቸው ማንንም ያልማረከ መጫወቻዎች በርካሽ ይሸጣሉ። እንግዲህ ብርቅነት ዋጋ የሚኖረው ፈላጊ ሲኖር ብቻ ነው።

ሁለቱ ምክንያቶች እንዴት እንደሚገናኙ በምሳሌ እንይ። ሁለት የተበላሹ መጫወቻዎች አሉ፤ እያንዳንዱን ለማስጠገን 1,500 ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ተፈላጊው ተጠግኖ 6,000 ዶላር፥ ሌላው ግን ተጠግኖ 1,200 ዶላር ብቻ ያወጣል። የመጀመሪያውን የሚያስጠግን ሰው ያተርፋል፤ ሁለተኛውን የሚያስጠግን ግን ይከስራል። በዚህ ምክንያት አንደኛው ይድናል፤ ሁለተኛው ተፈታትቶ ለመለዋወጫ ይሸጣል። ከዚህ እንደምንረዳው ተፈላጊነት የዋጋውን ጣሪያ ይወስናል፤ ይዞታ ደግሞ ዕቃው ከጣሪያው ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ያመለክታል።

ይህ ጣሪያ ግን ባለበት አይቆይም። ሚዲቫል ማድነስ የተባለው የዊሊያምስ ኩባንያ መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የተሠራው 4,016 ብቻ ነበር፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1999 ፒንቦል መሥራቱን አቆመ። ፈላጊው ስለ በዛ ዋጋው እየናረ ሄደ። ሌላ ኩባንያ ያንኑ ጨዋታ እንደገና ሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማቅረብ ሲጀምር ግን ጨዋታውን ብቻ ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች አማራጭ አገኙ፤ የቀድሞዎቹም ገበያ ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሰዎችን ቤት ባዋለ ጊዜ ደግሞ የመጫወቻዎቹ ዋጋ እንደገና ሽቅብ ወጣ። ከሁሉ በላይ ፈላጊዎቹ በአብዛኛው በወጣትነታቸው ጨዋታውን ያፈቀሩ ሰዎች ናቸው። ያ ትውልድ ሲያልፍ ከትዝታው ጋር ፍላጎቱም ሊያልፍ ይችላል፤ ጥሪቱን ሁሉ በዚህ ዕቃ ላይ የሚያውል ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

በተለይ ከወላጅ የተወረሰ መጫወቻ በምድር ቤት ያገኘ ቤተሰብ እነዚህን ነገሮች ሳያጣራ ቢሸጥ፥ የብዙ ሺህ ዶላር ንብረት በጥቂት መቶ ሊያስረክብ ይችላል። ገዢም ሳይመረምር ቢቸኩል የሌላውን ኪሳራ በገንዘቡ ይሸከማል። እናንተም ያገለገለ ሬዲዮ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ስትገዙም ሆነ ስትሸጡ፥ ሁለት ጥያቄዎችን አትርሱ፤ ዕቃው በምን ይዞታ ላይ ይገኛል? ማንስ ይፈልገዋል?

መልመጃ

1. «ተፈላጊነት የዋጋውን ጣሪያ ይወስናል» ሲባል ምን ማለት ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. ብርቅ የሆነ ዕቃ ሁሉ ውድ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. «ይዞታ»፥ «ጥሪት»፥ «ናረ» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር እያስገባችሁ ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ገበያ የሚሸጥ አንድ ያገለገለ ዕቃ መርጣችሁ፥ ዋጋው በምን እንደሚወሰን የሚያስረዳ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።